ሶሌታ ጣሪያ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ ያዋጣል ወይ? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ዋናው ጥያቄ (ሰኔ 4)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ቤታችን ኮተቤ ነው፣ ጂ ፕላስ አንድ። አባዬ ከላይ አንድ ፎቅ እጨምርበታለሁ ብሎ ጣሪያውን ቆርቆሮ ሳያለብስ በሶሌታ፣ ማለትም በጠፍጣፋ ኮንክሪት ዘግቶ ነው የተወው፣ የኮለኖቹ ፌሮም አስራ ሁለት ቦታ ላይ ወደ ሰማይ እንደቆመ ነው። አባዬ አረፈ፣ ፎቁም በዚያው ቀረ። ሶሌታው ማፍሰስ ከጀመረ አሁን ሶስተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው። የእማዬ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቢጫ ክብ ወጥቶ በየክረምቱ ይሰፋል፣ ጥግ ላይ ቀለሙ ተነፍቶ ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ሐምሌ ሲገባ አልጋዋን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ ሳፋ እናስቀምጣለን፣ ሌሊት ጠብ ጠብ ሲል እሷም አትተኛ እኛም አንተኛ። አንድ የሰፈር ግንበኛ አይቶት ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን ዳር ዳሩን ብሎኬት ብንጭንበት አምስት ዓመት እንደማያሳስበን ነገረን። ጣሪያው 84 ካሬ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ላስቲኩ ምን ዓይነት ይሁን፣ ከሊሾው በላይ ነው ከስር፣ ስንት ጊዜ ይቆያል? የሬንጅ ሜምብሬኑ፣ በእሳት እየቀለጠ የሚነጠፈው ወፍራሙ የጣሪያ ልባስ፣ አሁን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ነው፣ ባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ይሄን ከጻፍኩ አስር ወር ሞላኝ። መልሱ በዝቶ፣ መሃል ላይም ጸብ ገብቶበት፣ አሁን አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከበደኝ እያለ በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል። ክረምቱም እየመጣ ነው። ስለዚህ በቁጥራቸው ተራ የገባኝን ያህል በራሴ አፍ ላስቀምጠው፣ የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ሰው ናት፣ መጀመሪያ ስለ አባዬ ነፍስ ይማር አለችኝ፣ ከዚያ አየር ጤና የሚገኘው የእህቷ ቤት ላይ ላስቲክ እንዳነጠፉና ያን ክረምት አንድ ጠብታ እንዳልወረደ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን መጨረሻው ላይ ጥቅምት ላይ ላስቲኩን ሊያነሱት ሲይዙት በእጃቸው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀደደ መምጣቱንም ጨመረች። አንድ ክረምት ብቻ።

መልስ 2 አንድ መስመር ነው፣ ይሰራል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ብቻ ነጩን ትተሽ ጥቁሩን ግዢ የሚል።

መልስ 3 ሆለታ አበባ እርሻ ላይ ለዓመታት የሰራ ልጅ ነው፣ ላስቲክ ላስቲክ እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ብዙ ዓይነት መሆኑን መጀመሪያ የገባኝ ከሱ ነው። ሱቅ ውስጥ በሜትር የሚሸጠው ተራው ፖሊኤትሊን ፀሐይን የሚቋቋም ምንም ነገር አልገባበትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ነች፣ ፀሐይዋ አታሞቅም ብለን እናስባለን እንጂ የማይታየው ጨረሯ ከቆላው ይበረታል፣ ላስቲኩን የሚያደርቀውና የሚሰባብረውም ሙቀቱ ሳይሆን እሱ ነው። የአበባ ቤት ላስቲክ ጨረር መከላከያ ተቀላቅሎበት ነው የሚሰራው፣ እሱም ቢሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቀየራል። ጥቁሩ ከነጩ የሚሻለው ካርቦን ስላለበት እንደሆነ ገልጾ መልስ 2ን ደገፈው፣ ግን የተሻለ ማለት አምስት ዓመት ማለት እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። እርሻው የውሃ ኩሬውን የሚያለብስበት ጂኦሜምብሬን የሚባል አለ፣ እሱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ የሚያያዘውም በማሽን ተበይዶ እንጂ በፕላስተር ተለጥፎ አይደለም።

መልስ 4 የላስቲክ ውፍረት የሚለካበት ማይክሮን ምን እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 5 እኔ ነኝ፣ መርካቶ ሄጄ ባለ 200 የሚሉትን አይቼ መጥቼ ነበር፣ በሁለት ጣቴ ሳሸው ወፍራም መሰለኝ። መልስ 6 የሆለታው ልጅ ተመልሶ ሚሊ ሜትር ለሺ ሲካፈል አንዱ ማይክሮን እንደሆነ አስረዳ፣ ስለዚህ የኔ ባለ 200 የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው። ብሎኬት ተጎትቶበት፣ ልብስ ሊያሰጣ የሚወጣ ሰው ረግጦት፣ በረዶ ወርዶበት እንዴት እንደሚሆን እኔው እንዳስበው ተወልኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በፍቅር ነበር። መልስ 7 ላይ መሃንዲስ ነኝ ያለ ሰው ገባ፣ አገባቡ ከበድ ያለ ነበር። ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው ባይ ነው። ውሃ በሶሌታው መሃል አይገባም፣ በደንብ የተሞላ ኮንክሪት መሃሉ ላይ በቀላሉ አያሳልፍም፣ የሚገባው በመገጣጠሚያው፣ በፓራፔቱ፣ ማለትም በጣሪያው ዳር ባለው አጭር ግድግዳ ስር፣ በአሸንዳው አፍ ዙሪያ፣ የሆነ ነገር ሶሌታውን ሰንጥቆ በወጣበት ቦታ ሁሉ ነው። ላስቲክ ደግሞ ኮንክሪት ላይ አይጣበቅም፣ ፖሊኤትሊን ሙጫም አይዘውም፣ ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ውሃው ከስሩ ገብቶ የፈለገበት ድረስ ይሄዳል፣ እኛ የምናየው እድፍ ሌላ ቦታ፣ ቀዳዳው ሌላ ቦታ። ጭራሽ ላስቲኩ እርጥበቱን ከላይ አፍኖ ስለሚይዘው ሶሌታው በበጋ እንኳ ሳይደርቅ ይከርምና ውስጡ ያለው ፌሮ ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይፈነክተዋል። ሂሳብም ሰርቶልኛል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው፣ በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እኛ ጣሪያ ላይ ከ2500 ሊትር በላይ ውሃ ወርዷል ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ውሃ ጣሪያው ተዳፋት ከሌለው የትም አይሄድም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ አንድም ቃል አልክደውም። ግን ከዚያ ቀጥሎ ሰዉ ለሳሎኑ ሴራሚክ ገንዘብ አያጣም፣ ለጣሪያው ሲሆን ድሃ ነኝ ይላል፣ ከዚያ በላስቲክ ሊሸፍን ይሮጣል ብሎ ጻፈ። ሳሎናችን ሊሾ ነው። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተነሳሁ።

መልስ 8 ላይ አንዲት እህት ልክ ልኩን ነገረችው። የጠየቀችህ ልጅ አባቷን ቀብራ እናቷን ከዝናብ ልታስጥል ነው የመጣችው፣ እውቀትህን ስጥ፣ ስድብህን ለራስህ ያዝ አለችው። መልስ 9 የመሃንዲሱ ነው፣ ከአነጋገሩ አልተመለሰም፣ እንዲያውም ባሰበት፣ ማባበል ቤት እንደማያቆም፣ እሱ ራሱ በላስቲክ ተሸፍኖ የከረመ ሶሌታ ሲፈነቀል ፌሮው በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት ሲረግፍ ማየቱን፣ እንደዚያ ዓይነት ሰገነት ከነሰዉ ሊወርድ እንደሚችል ጻፈ። ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ሳነበው ግን ፈርቶልን የጻፈ ሰው ነው የሚመስለኝ።

መልስ 10 ላይ ጋሼ ገቡ። ስማቸውን አልጠራም፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ በፎርማንነት የሰሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለቱንም ገላገሏቸው፣ መሃንዲሱን ልክ ነህ ልጄ ግን ዝግ በል፣ እሷንም ተዪው ትንሽ ነው አሏቸው። ከዚያ ለኔ አንድም ምክር ሳይሰጡኝ ሁለት ስራ አዘዙኝ። አንደኛ፣ የእማዬ ኮርኒስ ላይ ያለውን ክብ ጠርዝ ጠርዙን በእርሳስ እንዳሰምርና ቀኑን እንድጽፍበት፣ በግምት ሰፋ አልሰፋ ከምንባባል። ሁለተኛ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቁጭ ብዬ የትኛው ቦታ መጨረሻ እንደሚደርቅ እንዳይ። ላስቲኩን ከመግዛትሽ በፊት ውሃው የሚገባበትን በር ፈልጊ ነው ነገሩ።

ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ሮቶው ጥላ ስር ቁጭ ብዬ አየሁት። መሃሉ ቶሎ ነጣ። መጨረሻ ድረስ እርጥብ ሆነው የቀሩት በፌሮዎቹ ስር ያሉት ክቦች ናቸው፣ እያንዳንዱ ኮለን ዙሪያ ሰሃን የሚያክል ጥቁር እርጥበት፣ ከፌሮው ላይ ደግሞ ቡናማ ዝገት ወርዶ ሶሌታው ላይ እንደ ሥር ተዘርግቷል። አስራ ሁለት ቦታ። ስንት ዓመት ልብስ ሳሰጣ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፣ አንድም ቀን ወደ ታች አላየሁም።

ከመልስ 11 እስከ 14 ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አንዱ ኮንዶሚኒየም የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው እናንተ ዕድለኞች ናችሁ ብሎ ነው የጀመረው፣ ሌላዋ ከላይዋ ያለው ሰው መታጠቢያ ቤት ወደሷ ማዕድ ቤት እንደሚያፈስና ሰውዬው ኪራይ ስለሆነ ባለቤቱን ፈልጊ እያለ እንደሚያመላልሳት፣ ባለቤቱ ደግሞ ውጭ አገር እንደሆነ ተናገረች፣ ሶስተኛው ኮሚቴ ነው የሚያስታርቀው አለ፣ አራተኛው ኮሚቴው ራሱ የተጣላ ነው አለ። ችግራቸው ይገባኛል፣ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ቢከፈትለት ይሻላል።

መልስ 15 ወደ ጣሪያው መለሰን፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳው። ዲሽ የሚተክሉ ልጆች ሶሌታውን በድሪል በስተው ፊሸር ከተው ቡለን ያስራሉ፣ ዲሹ ሲቀየር ቡለኑ ይነቀላል፣ ቀዳዳው ክፍቱን ይቀራል። ሄጄ ስቆጥር የኛ ላይ ሰባት ቀዳዳ አገኘሁ፣ አንዱ ውስጥ ሳር በቅሏል።

መልስ 16 የመቀሌ ልጅ ነች፣ አያቷ ያደጉበትን ህድሞ አስታውሳ ጻፈች። የድንጋይ ግድግዳ፣ ወፍራም ወራጅ እንጨት፣ ርብራብ፣ በላዩ አፈር ተደልድሎ የተረገጠ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ክረምት ሳይገባ ሰው ወጥቶ ሳሩን ይነቅላል፣ የተሰነጠቀውን በአፈር ይሞላል፣ ይረግጣል፣ በየዓመቱ። በኋላ አጎቷ አፈሩ ሲታደስ ከአፈሩ ስር ላስቲክ አነጠፈበት፣ እሱ ብዙ ዓመት ቆየ። መልስ 3 ካለው ጋር አገናኝታው፣ ፀሐይ ያላየው ላስቲክ እንደማይሞትና አፈሩ ልብስ ሆኖት እንደነበር አስረዳች። መሃንዲሱ እንኳ ይሄን ተቀበለ፣ ከመሬት ወለል ኮንክሪት ስር የሚነጠፈው ላስቲክም የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ተቀብሮ ስለሚኖር። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ደጅ ላይ ይቆፈር የነበረውን የውሃ ማሰባሰቢያ ኩሬ አነሳ፣ የነሱ ቤት ኩሬ የለበሰው ላስቲክ ጥጃ ገብቶበት በኮቴው በስቶት ውሃው በአንድ ሳምንት ሰርጎ እንዳለቀ። እዚያም የጎዳው ላስቲክነቱ ሳይሆን ላዩ ራቁቱን መሆኑ ነው።

መልስ 17 ላሊበላንም እኮ በላስቲክ ነው የሸፈኑት ብሎ ወረወረ። መልስ 18 አስጎብኚ ነኝ የሚል የላሊበላ ልጅ ነው፣ በትህትና አረመው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ የቆመው መጠለያ ድንጋዩን አይነካውም፣ በትልልቅ የብረት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፣ ከስሩ አየር ያልፋል። ድንጋዩን ማልበስማ ከዚያ በፊት ተሞክሮ እንደነበር ነገረን፣ በ1940ዎቹ በተደረገ እድሳት ሬንጅ ተቀብቶ ላዩ ቀይ ቀለም ተደርጎበት፣ ድንጋዩ የያዘው እርጥበት መውጫ አጥቶ፣ በኋላ የመጡት ሙያተኞች ስራቸው እሱን ማራገፍ ሆነ። ክሩ ትንሽ ከመንገድ ወጣ የሚለው ሰው ቢኖርም እኔ ግን ይሄን ሳነብ ነው መሃንዲሱ እርጥበት ይታፈናል ያለው ነገር በደንብ የገባኝ።

መልስ 19 እስራኤል፣ ሬሆቮት የሚኖር ወንድማችን ነው፣ ስራው ጣሪያ ማሸግ ነው። እዚያ አብዛኛው ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ በላዩ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ሰዉ ይህን ነገር ለምዶታል። የሚጠቀሙት የሬንጅ ሜምብሬን አራት ወይ አምስት ሚሊ ሜትር ነው፣ ላዩ ነጭ ጠጠር የተነዛበት፣ ፀሐይን እንዲመልስ። አሰራሩን አንድ በአንድ ጻፈልኝ፣ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ ፈሳሽ ሬንጅ ፕራይመር ይቀባል፣ እሱም ይደርቃል፣ ከዚያ ሮሉ ሆዱ በጋዝ እሳት እየቀለጠ ይነጠፋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ በጎን አስር ሴንቲ፣ በጫፍ አስራ አምስት ሴንቲ ይደራረባል፣ ግድግዳውም ላይ ቢያንስ አስራ አምስት ሴንቲ ይወጣል። አንድ ሮል አስር ካሬ ቢሆንም መደራረቡ ስለሚበላው ዘጠኝ ካሬ ገደማ ነው የሚሸፍነው፣ ለ84 ካሬ ከነግድግዳው አስራ ሁለት ሮል አስቢ አለኝ። ሮቶውን ከእሳቱ እንዳርቅና በኋላም ሜምብሬኑ ላይ በቀጥታ እንዳላስቀምጠው አደራ ብሎኛል፣ ተባረክ።

መልስ 20 ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው፣ እሱም ጣሪያ ሰራተኛ። ላስቲክ አይሰራም የሚለውን ነገር ትንሽ አስተካከለው። አሜሪካ ትልልቅ ህንፃዎች ጣሪያ ላይ ያለው ነጩ ቲፒኦ የሚባለው ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ውስጡ መረብ ያለው፣ መገጣጠሚያው በሞቃት አየር ተበይዶ አንድ የሚሆን። ብየዳው ካለቀ በኋላ ሰው ጎንበስ ብሎ በመንጠቆ እያንዳንዷን ሜትር እየነካካ ይፈትሻል። የኔ ባለ 200 ማይክሮን ከሱ ጋር ስሙን እንጂ ሌላ ነገር አይጋራም። ለተራው ላስቲክ ግን አንድ ጥሩ ስራ እንዳለው አስተማረኝ፣ ሜምብሬን ከመነጠፉ በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቆርጠሽ ሶሌታው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊና አሳድሪው፣ ጠዋት ሲነሳ ከስሩ ጠል ከያዘ ሶሌታው አልደረቀም፣ እሳት ብታስነኪው እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ሜምብሬኑን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። መልስ 21 መሃንዲሱ ነው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ብሎ አመሰገነ፣ ከዚያ ወዲህ አነጋገሩም ለሰለሰ።

መልስ 22 ማስታወቂያ ነበር፣ ጣሪያ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ አለን፣ አንዴ ተቀብቶ አስራ አምስት ዓመት ዋስትና፣ ደውሉ። መልስ 23 ያቺ የመልስ 8 እህት ናት፣ እናት የምታለቅስበት ክር ላይ ገበያ አትዘርጋ ብላ አባረረችው። ትክክል ናት።

መልስ 24 የኔ ነው። ጋሼ በውስጥ መስመር ባሳዩኝ መሰረት፣ ሶስት ቀን ሳይዘንብ የቀረበትን ጊዜ ጠብቀን እኔና ወንድሜ ሞከርነው። መጀመሪያ የሶሌታው መሃል ላይ በጭቃ ክብ ግድብ ሰርተን ውሃ ሞላነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ቆየ፣ ታች ምንም። በማግስቱ ከእማዬ መኝታ ቤት በላይ ያለው ኮለን ዙሪያ ያንኑ ግድብ ሰራን፣ አንድ ባልዲ አፈሰስንበት። እኔ ታች አልጋው ላይ ቆሜ በስልኬ መብራት ኮርኒሱን እያየሁ፣ ወንድሜ ከላይ እየጠበቀ። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት አልፎ ከእርሳሱ መስመር ውስጥ ትንሽ ነጥብ አብረቀረቀች፣ እየወፈረች መጣች፣ ግንባሬ ላይ ወደቀች። ቀዝቃዛ ነበረች። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ምንም አላለችም፣ ወጥታ ሄደች።

መልስ 25 ላይ መሃንዲሱ ምክንያቱን አብራራ፣ ፌሮው ዓመታት ዝናብ ላይ ቆሞ ሲዝግ ስሩ ያለው ኮንክሪት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አውጥቷል፣ ውሃው ፌሮውን ተከትሎ ነው የሚወርደው፣ ላስቲክ ደግሞ አስራ ሁለት ቦታ በስቶ የሚወጣ ብረት ዙሪያ በምንም ተዓምር አይታሸግም። ስለዚህ ፌሮው ከስሩ ይቆረጥ፣ ቦታው ይደፈን። መልስ 26 እሱን ደግፎ በግራይንደር የግማሽ ቀን ስራ ነው አለ።

ለእማዬ ነገርኳት። እራት ላይ ነበርን። ጉርሻዋን ወጡ ላይ መልሳ አስቀመጠችና እሱ የተከለውን እኔ አላስቆርጥም አለች፣ ሌላ ነገር አላለችም። አባዬ ያንን ፌሮ ሲያስቆም እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ያንተ ክፍል እዚህ፣ ያንቺ እዚህ እያለ በጠመኔ ሶሌታው ላይ አስምሮ አሳይቶናል። ይሄን መልስ 27 ላይ ጻፍኩት። መልስ 28 ስሜት ውሃ አያቆምም፣ የዛገ ብረት ላይ ማንም ፎቅ አይሰራም ብሎ መለሰልኝ፣ እንደዚህ መባሉ በጣም አመመኝ፣ በሱ ላይ አራት አምስት ሰው ተነሳበት፣ እሱም እየመለሰ ክሩ ሁለት ቀን ጸብ ሆነ። እሱን አልዘረዝረውም።

ጋሼ ግን መልስ 34 ላይ መፍትሔ ይዘው መጡ። ሳይቆረጥም ይቻላል ልጄ አሉኝ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ይፈተጋል፣ ስሩ ያለው የላላ ኮንክሪት ይጠረባል፣ ከዚያ በያንዳንዱ ኮለን ዙሪያ ሰላሳ ሴንቲ ከፍታ ያለው ኮንክሪት ሳጥን ይሞላል፣ አናቱ ወደ ውጭ ተዳፋት ሆኖ። ሜምብሬኑ መጥቶ በሳጥኑ ጎን ይወጣል፣ ከላይ ይታጠፍበታል፣ ውሃው ፌሮው ስር መድረስ አይችልም። ከሳጥኑ በላይ የቀረው ብረት ፀረ ዝገት ይቀባል። ፎቅ የሚጨመር ከሆነ ያን ጊዜ ብረቱ ይችል እንደሆነ መሃንዲስ አይቶ ይወስናል፣ ዛሬ መወሰን የለበትም። መሃንዲሱ መልስ 35 ላይ ተስማማ፣ እኔን እንድገናኘው ጋብዞ የሳጥኑን ስዕል በነጻ ሰርቶ ላከልኝ። መልስ 7ን ያነበበ ሁሉ ይሄንንም ያንብብለት።

ላስቲኩስ? ለዚያ ክረምት አነጠፍነው፣ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ጥቁሩን ገዛን፣ ከብሎኬት ይልቅ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጆንያ ጫንበት እንዳይቀደድ፣ ፌሮዎቹ ጋ ቆርጠን እንደ እጅጌ ጠቅልለን በገመድ አሰርነው፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር እየገለጥን ሶሌታውን እናስተነፍሰው ነበር። እማዬ ከመንገድ ቀና ብላ ስታየው ላስቲክ ቤት አስመሰላችሁብኝ አለች። ማፍሰሱን ቀነሰው፣ አላቆመውም። ነሐሴ ላይ በረዶ ወርዶ አንዱን ጥግ ወንፊት አደረገው።

እቁቤ ጥቅምት ላይ ደረሰኝ፣ ሪያድ ያለችው እህቴም ላከች። ኅዳር ሙሉ ሶሌታው ራቁቱን ፀሐይ ጠጣ። አስራ ሁለቱ ሳጥን ተሞላ፣ የዲሹ ቀዳዳ ተደፈነ፣ በሜትር ሁለት ሴንቲ እየወረደ ወደ አሸንዳው የሚሄድ ሊሾ በውሃ ልክ ተመታ፣ ያም በደንብ እስኪደርቅ አራት ሳምንት ተጠበቀ። የላስቲክ ፈተናውን ሶስት ጊዜ አደረግኩት፣ ሁለቱን ጊዜ ጠዋት ስገልጠው ከስሩ ጠል ነበር፣ ሙያተኛው ይበቃል እያለኝ አላስነካሁትም። ሶስተኛው ጠዋት ሶሌታው ነጭ፣ ላስቲኩ ደረቅ። ሜምብሬኑ ተነጠፈ፣ በትክክል አስራ ሁለት ሮል። ከዚያ አሸንዳዎቹን በጨርቅ ደፍነን ጣሪያውን በግማሽ በግማሽ ውሃ ሞልተን ሁለት ሁለት ቀን አቆየነው፣ በግማሽ የሆነው ውሃችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣና መሃንዲሱም ክብደቱን ስለፈራ ነው፣ አምስት ሴንቲ ውሃ በካሬ ሃምሳ ኪሎ ነው።

መልስ 41 ላይ አንድ ሰው ኮርኒሱን ቀለም አስቀባችሁት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አላስቀባንም። ጋሼ ውስጡ የከረመው እርጥበት ወጥቶ እስኪያልቅ አንድ ክረምት ይለፈው አሉ። ቢጫው ክብ እዚያው ነው፣ ዙሪያው በእርሳስ ሰኔ 9 ተብሎ ተጽፎበት። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ሌሊት ተነስቼ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ትናንትም ሲያጓራ ያመሸውን ዝናብ ጠብቄ አየሁት። መስመሩን አላለፈም። አልጋዋን ወደ ቦታው መልሰነዋል።